ስልሳ አራት ተብሎ ስምንት ስለሆነው የካሜራ ካርድ

ለከተማው የገበያ ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ደብረ ታቦር

ቀን፦ ሚያዝያ 16 ቀን 2009 ዓ.ም.
አመልካች፦ ጥሩወርቅ አለሙ፣ ፎቶግራፍ አንሺ
ጉዳዩ፦ በሐሰት መጠን የተሸጠልኝ የካሜራ ሚሞሪ ካርድ ተመርምሮ እርምጃ እንዲወሰድ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

1. እኔ አመልካች ኩዌት ስድስት ዓመት ሠርቼ ስመለስ፣ ሌላው ወርቅ ሲያመጣ እኔ ካሜራ አመጣሁ። ያኔ የሳቁብኝ ሁሉ ኋላ ልጆቻቸውን ሲድሩ ጠሩኝ። አራት ዓመት ሙሉ የሰው ሠርግ ሳነሳ ፎቶዬ ጠፋ ብሎ በሬን ያንኳኳ የለም። ይህን የምጽፈው ለመመካት አይደለም። ዛሬ ባጃጅ ላይ ስወጣ «ፎቶ በሊታዋ መጣች» የምባልበትን ምክንያት ለማስረዳት ነው።

2. በታኅሣሥ ወር ከአቶ ተስፋነህ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ አንድ ሚሞሪ ካርድ ገዛሁ። ካሜራው ያነሳውን የሚያስቀምጥበት፣ ቴምብር የምታህል ነገር ናት። ላይዋ 64 ጊጋ ይላል፤ ኮምፒውተር ውስጥ ብትገባም 64 ትላለች። ሆዷ ግን 8 ነው። ስምንቱ እስኪሞላ ታማኝ ናት፤ ከዚያ ወዲያ የመጣውን ሁሉ ተቀብያለሁ እያለች ትጥላለች። እንዲህ አድርጎ ውሸት ያስተማራት ሰው አለ፤ እያወቀ የሚሸጣትም አለ።

3. ጥፋቴን አልሸሽግም። በሙያችን አዲስ ካርድ ሲገዛ በቅድሚያ ጢም ብሎ እስኪሞላ ጭነውበት፣ መልሰው አንድ በአንድ እየከፈቱ ያዩታል። እኔ አላየሁም። ይባስ ብዬ፣ ስልሳ አራት ይበቃኛል ብዬ፣ አራት ዓመት ያላሳፈሩኝን ሁለት ትንንሽ ካርዶች ቤት ጥያቸው ወጣሁ።

4. ጥር 14 ቀን ሐሙሲት የወይዘሪት ሰብለወንጌል ቢሆነኝ ሠርግ ነበር። ጠዋት ከሙሽራው ቤት ጀመርኩ። ሚዜው መነጽሩን ሲያደርግ፣ ሲያወልቅ፣ በመኪናው መስታወት ራሱን ሲያይ አነሳሁ፤ ይኸ ሁሉ በደህና አለ። የሚዜው መነጽር ብቻ አርባ አንድ ፎቶ አለው። ሙሽራዋ ቤት ስንደርስ ግን ስምንቱ ሞልቶ ነበር። አባቷ አቶ ቢሆነኝ በራቸው ላይ ተቀምጠው፣ ልጃቸው ጉልበታቸውን ስማ ሲመርቋት አነሳሁ። «ቆዪ እስቲ፣ አሳዪኝ» አሉኝ። ካሜራው ያነሳውን ወዲያው የሚያሳየው ከካርዱ ሳይሆን ከራሱ ነውና በጀርባው በኩል ጥርት ብለው ታዩ። «ይኸ ሽማግሌ ደግሞ ማነው? ልጄን ማን መርቅ አለው?» ብለው ሳቁ። ሳቃቸውንም አነሳሁ።

5. በሦስተኛው ቀን ኮምፒውተር ላይ ስከፍት፣ ከሙሽራዋ ቤት ጀምሮ ያለው ሁሉ ግራጫ ነው። አቶ ተስፋነህ «አምጪው፣ ይመለሳል» ብለው ካርዱን አምስት ሳምንት ያህል ያዙት። በዚህ መሐል፣ የካቲት 21 ቀን፣ አቶ ቢሆነኝ አረፉ። ሰብለወንጌል እየሮጠች መጥታ «እቴ ጥሩዬ፣ ለለቅሶው አንዷን ብቻ» አለችኝ። የምሰጣት አልነበረኝም። ሰውየው በዕድሜያቸው ከመታወቂያው በቀር ሌላ ፎቶ ተነስተው አያውቁም። ቤተሰቡ የመታወቂያቸውን ጉርድ ፎቶ አስፍቶ ይዞ አለቀሰ፤ የቀበሌው ክብ ማኅተም ግማሽ ፊታቸውን እንደረገጠ። እኔም ከለቀስተኛው ኋላ ቆሜ ያንን ማኅተም አየሁ።

6. በሳልስቱ አቶ ተስፋነህ ካርዱን ጠረጴዛ ላይ ወርውረው «ካርዱ ደህና ነው። ዓረብ አገር ካሜራ ይገዛል እንጂ ፎቶ ማንሳት አይገዛም» አሉኝ። ይህንኑ ለሙሽራዋ ቤተሰብ፣ ለፀጉር ቤቱ፣ ጆሮ ላለው ሁሉ አዳረሱ። ያንኑ ዓይነት ካርድ ዛሬም ይሸጣሉ፤ ባለፈው ሳምንት አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር ሁለት ገዝተው ሲወጡ በዓይኔ አይቻለሁ።

7. ወደ ጽሕፈት ቤትዎ በቃል ባመለከትኩ ጊዜ አንድ ባለሙያ፣ ስማቸውን ለጊዜው ልተወው፣ «እህቴ፣ እኛ የምንቆጣጠረው ሚዛን ነው። ለምን ሰዎቹን ድጋሚ አታነሻቸውም?» አሉኝ። ክቡር ሆይ፣ ድጋሚ። ቅዳሜ ገበያ ወርዶ የቅቤ ሻጯን ሚዛን የሚፈትሽ ቢሮ፣ ስልሳ አራት ብሎ ስምንት የሚሰፍረውን አያገባኝም ካለ፣ ቁናዋን ያጎደለችው እህል ሻጭ በምን ሕግ ትቀጣለች?

8. ስለዚህ በሱቁ ያሉት ካርዶች እስከ አፋቸው ተሞልተው እንዲፈተሹልኝ፣ የዋሹትም እንዲሰበሰቡ እጠይቃለሁ። ኮምፒውተሩን እኔ ይዤ እመጣለሁ። የገዛሁበትን ገንዘብ አልጠይቅም። ከሁሉ የሚበልጥብኝ ግን ይኸ ነው፦ አቶ ተስፋነህ ከእኔና ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ሐሙሲት ሄደው፣ ያ በር ላይ ቆመው፣ «የዋሸው ካርዱ ነው፤ የሸጥኩትም እኔ ነኝ» እንዲሉ ይደረግልኝ። እኔ ስናገረው አያምኑኝም።

9. ካርዱን በፖስታ አድርጌ አያይዣለሁ። ባዶ ነው እንዳይባል፣ የፎቶዎቹ ቁጥር በሙሉ ተዘርዝሮ ይታያል። 1402 ምርቃቱ ነው፤ 1403 ሳቃቸው። ባለሙያዎ እንደ አቶ ተስፋነህ ካርዱ ደህና ነው የሚሉ ከሆነ፣ እባክዎ ሁለቱን እርስዎ ራስዎ ይክፈቷቸው። አቶ ቢሆነኝ ከወጡልዎ አቤቱታዬን በዚያው ቀን አነሳለሁ፤ ፎቶውንም በእግሬ ሄጄ ቢሆን ለልጃቸው አደርሳለሁ።

ቁጣዬ ካላስቀረው አክብሮትና ከሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
ጥሩወርቅ አለሙ