ከጉብታው ላይ ስለተቀመጠው የወንዝ ዳር ድንጋይ

ለክቡር የከተማችን ከንቲባ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የመላ ቤተሰብዎን ጤንነት እየጠየቅሁ፣ ሪባን ቆርጠው የከፈቱልንን የከተማችንን ታሪክ ሙዚየም ከልጅ ልጄ ጋር ጎብኝቼ በመመለሴ የተሰማኝን ምስጋና በአደባባይ ላቀርብልዎ እወዳለሁ። የዘር ሱቄን ዘግቼ መሄዴ አላስቆጨኝም። ዝገት የበላው ማጭድ ሳይቀር ዘይት ተቀብቶ የክብር ቦታ አግኝቷል፤ እኛ ነዋሪዎችም ተራችን እስኪደርስ በትዕግሥት እንጠብቃለን።

ክቡርነትዎን ላለማድከም ቅሬታዎቼን በቁጥር አስቀምጫለሁ።

፩. በመካከለኛው ክፍል በመስታወት ታጥሮ የቆመውን ረጅም ድንጋይ ገና ከበሩ ሳየው አወቅሁት። ወንዙ ሞልቶ በወጣ ቁጥር ውሃው የደረሰበት ከፍታ የሚጫርበት፣ ከእሱ በታች ማንም ቤት እንዳይሠራ እየተነገረን ያደግንበት ድንጋይ መሆኑን ለእርስዎ ማስረዳት ድፍረት ይሆንብኛል። ከሥሩ የተለጠፈው ጽሑፍ ግን «ጌጠኛ ድንጋይ፤ የቀረጸው ሰውም ሆነ አገልግሎቱ አይታወቅም» ይላል። አስጎብኚዋን ብጠይቃት፣ «እማማ፣ እኔ እንግዳ ነኝ፤ ይህን በይ የተባልኩትን ነው የምለው» አለችኝ። በእሷ አልፈርድም። እርስዎ ግን እንግዳ አይደሉም።

፪. የላይኛውን ጭረት በመሮ የቆረጡት ነፍሳቸውን ይማርና አባትዎ ናቸው። በዚያ የጎርፍ ቀን እርስዎን በአንድ ትከሻቸው፣ እኔን የጎረቤት ልጅ በሌላው ተሸክመው ጉብታው ላይ ካወጡን በኋላ፣ ታናሽ እህትዎን ሊያመጡ ተመልሰው ባዶ እጃቸውን እንደመጡ አብረን አይተናል። ውሃው ሲጎድል መሯቸውን ይዘው ወረዱ፤ እየቆረጡም ያለቅሱ ነበር። «አይታወቅም» የሚለውን ቃል ማን እንደመረጠው ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር።

፫. ድንጋዩ በተነቀለ ማግሥት ከቆመበት በታች፣ ሜዳው ላይ ያሠሩት መዋዕለ ሕፃናት እጅግ ያምራል፤ ግድግዳው ላይ ዳክዬዎች ሲዋኙ ተሥለዋል። ሙዚየሙ የገባበት የጉብታው ቤት ደግሞ የሕፃናቱ የቀድሞ ትምህርት ቤት ነው፤ እጃቸውን የሚታጠቡባቸው አጫጭር ቧንቧዎች አሁንም ከማረሻዎቹ ሥር ይታያሉ። ድንጋዩን ከጎርፍ አድነው ከፍታ ላይ፣ ልጆቹን ዝቅታ ላይ ላኖሩበት ጥንቃቄ ቃል አጣሁ።

፬. ልጅ ልጄ ቁመቷን ልትለካ ከመስታወቱ ተጠግታ ቆመች። የላይኛው ጭረት ከአናቷ በላይ ነው። እሷ ሳቀች፤ እኔ እጇን ይዤ ከመስታወቱ አራቅኋት። ከተማው ውስጥ ሌላ መዋዕለ ሕፃናት ስለሌለ ሰኞ የምትሄደው እዚያው ዳክዬዎቹ ዘንድ ነው።

ስለዚህ ድንጋዩ ወደ ቦታው፣ ልጆቹም ወደ ጉብታው እንዲመለሱ በትሕትና እለምናለሁ። ጥናትና ኮሚቴ የሚያስፈልገው ከሆነ፣ ደመናው ተራራውን አልፎ መውረድ መጀመሩን ለኮሚቴው ቢያሳውቁልኝ አመሰግናለሁ።

ረጅም ዕድሜና ደረቅ መሬት እየተመኘሁልዎ፣ በአባትዎ ትከሻ ላይ ሆኜ ከእርስዎ ትይዩ የነበርኩት፣

የታችኛው ሰፈር ዘር ሻጭ

ማሳሰቢያ፦ ከድንጋዩ አጠገብ አንድ ባዶ የመስታወት ሳጥን አየሁ። አስጎብኚዋ ምን እንደሚገባበት ገና እንዳልተወሰነ ነገረችኝ። ትንሽ ሳጥን ነው፤ የሕፃን ጫማ ግን ይይዛል።