«እህትሽ» ያለኝ ሰውዬ

ድምቡሼ፣

እናቴ ጋ ሄጃለሁ። ሩዝ ድስቱ ውስጥ አለ፣ አሙቀሽ ብዪ። ቧንቧው ያንጠባጥባል፣ ባልዲውን ከስሩ እንዳታነሺ። የአዲሱ ስልክሽ ቻርጀር አልጋዬ ስር ወድቋል።

ዛሬ የደንበኛ ፀጉር ቀለም እየቀባሁ ስልክ ተደወለልኝ። እጄ ስለተነከረ ላውድ አድርጌ አነሳሁት። ሰውየው የውበት ሳሎኑ ሙሉ እየሰማ፣ «እህትሽ ለስልክ መግዣ የተበደረችውን አልከፈለችም፤ ዋስ አድርጋ ያስመዘገበችው አንቺን ነው» አለኝ።

እህት የለኝም ብዬ ድርቅ አልኩ። ስምሽን ሲጠራ ግን አንቺን ማለቱ እንደሆነ ገባኝ።

ምሳ ቋጥሬ ስሄድ «ልትቀበሪበት ነው የምትቆጥቢው?» እያልሽ ትስቂብኝ ነበር። ያንኑ ቁጠባዬን ከፍዬ አፉን ዘጋሁት።

አብረን ስንኖር አንድ ቀን እንኳ እህቴ ብለሽኝ አታውቂም። ቃሉን መጀመሪያ የሰማሁት ከአበዳሪሽ አፍ ነው።