ስድስት ላይ ለቆሙት ለግራዝማች አያሌው

ለክቡር ግራዝማች አያሌው፣ በጣሊያን ፈቃድ የደብረ ታቦር ገበያ ሹምና የባንዳ አለቃ፣ ከጥቅምት ወዲህ ደግሞ የቡጢ ዳኛ፤

ክቡርነትዎ እንደምን ሰነበቱ? ቤትዎ፣ ከብትዎ፣ በቅሎዎ ሁሉ ደህና ናቸው? ከሁሉ ይልቅ ቀኝ ክንድዎ ያሳስበኛል፤ የጣሊያኑን ቡጢኛ፣ የካፖራሉን እጅ ወደ ሰማይ ሲያነሡ ሲንቀጠቀጥ አይቼዋለሁና፣ ብርድ መትቶት እንደሆነ ቅቤ ያስቀቡት። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ወንድሜ ሙላቴም በአንድ ዐይኑ ደህና ነው። ታላቃችን ማሩ ግን ደህና አይደለም፤ የእሱን ነገር እርስዎ ያውቁታል።

ይህን ደብዳቤ በገበያው ወይራ ላይ መለጠፌ እደጅዎ ይዤ መምጣት ፈርቼ አይደለም፤ ዘበኞችዎ ማንበብ ስለማይችሉ ለእርስዎ ሳይደርስ እሳት ያያይዙበታል ብዬ ነው። ፊደል የቆጠረ ላልቆጠረው ያንብብለት። ከአንበሳሜ በርበሬ ጭኖ የመጣ መንገደኛም ቢሆን እንዲገባው ነገሩን ከሥሩ እነሣለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ቃልዎ አመሰግናለሁ። በቅዳሜ ገበያ ነጋሪት አስመትተው፣ ካፖራሉን በቡጢ የረታ ሰው ከታሰሩት ዘመዶቹ አንዱ ይፈታለታል ሲሉ ያልሰማ የለም። ያን ጊዜ ማሩ ለአርበኛ እህል አቀበልህ ተብሎ እምሽጉ ጉድጓድ ውስጥ ነበር። ማቀበሉንስ አቀብሏል፤ አንድ ስልቻ ገብስ። ሙላቴ ደግሞ በጋፋት ሜዳ ትግል ጀርባው መሬት ነክቶ ስለማያውቅ፣ ወንድሜን ላስፈታ ብሎ እርስዎ ዘንድ መጣ። ትከሻውን ቸብ ቸብ አድርገው «ጎሽ የኔ ልጅ፣ አባትህን ነው የወጣኸው» አሉት። ይህን ስሰማ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ሞኝነቴን ይቁጠሩልኝ።

ሁለተኛ፣ ስለ ትምህርትዎ። ጓንቱን እንዴት እንደሚያጠልቅ፣ ከወገብ በታች መምታት ክልክል እንደሆነ፣ ሰውየውን እንዳይነክሰው ሁሉ አስተምረውታል። የወደቀ ሰው ላይ እስከ አስር እንደሚቆጠርና፣ ቁጥሩ እስኪሞላ ድረስ የጣለው ሰው ዳር ቆሞ መጠበቅ እንዳለበት ግን ሳይነግሩት ቀሩ። ሥራ በዝቶብዎት ይሆናል።

ሦስተኛው ነገር ረዘም ስለሚል ይታገሡኝ። ገመድ በተወጠረበት ሜዳ ላይ፣ ሹማምንቱ በወንበር፣ እኛ በሣር ተቀምጠን፣ ካፖራሉ ብዙ ዘለለ። ዝላዩ ያምራል፤ አልዋሽም። ሙላቴ መዝለል አያውቅም፤ እንደሚያርስ ሰው እግሩን ተክሎ ሲጠብቅ ቆየና አንድ ጊዜ ሰነዘረ። ካፖራሉ እንደተቆረጠ ግንድ ተዘረረ። ሴቱ ሁሉ እልል ሲል እኔ እልልታው አልወጣልኝ ብሎ የማሩን ስም ጮኼ ጠራሁ። እርስዎም በጣሊያንኛ ኡኖ፣ ዱዬ፣ ትሬ እያሉ መቁጠር ጀመሩ፤ ስድስት ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ቆመውም ሙላቴን አዩት። ሽማግሌ የጎረቤት ልጅ ነውር ሲሠራ ያገኘ እንደሆነ አፍ አውጥቶ ሳይናገር እንደሚያይ፣ እንደዚያ አድርገው አዩት።

ያ አስተያየት ምን ማለት እንደሆነ እዚህ አገር ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። በእኛ ትግል የጣለ ሰው የጣለውን እጁን ይዞ ያነሣዋል፣ የጀርባውንም አቧራ ያራግፍለታል፤ ይህን የማያደርግ ባለጌ ነው ተብሎ ዳግመኛ የሚገጥመው አያገኝም። ይህንን ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም። በወጣትነትዎ ከአባታችን ጋር ሲታገሉ ሁልጊዜ የሚወድቁት እርስዎ ነበሩ፤ ሁልጊዜም አባታችን አንሥቶ አራግፎዎታል።

ሙላቴ አፈረ። ሄደና ካፖራሉን በሁለት ብብቱ ይዞ አቆመው፣ ዞር አደረገውና ጀርባውን ያራግፍለት ጀመር። ሰውየው ነፍሱ ሲመለስ፣ የወንድሜ እጅ ገና ትከሻው ላይ እንዳለ፣ ዞሮ ግራ ዐይኑን መታው። ደግሞ መታው። ሙላቴ የወደቀ ጊዜማ ምላስዎን ማን ይያዘው! ትንፋሽ ሳይወስዱ አስር ላይ ደረሱ። ቁጥር እንዲህ እንደሚያቀላጥፉ አላውቅም ነበርና አድንቄያለሁ። አጠገቤ የነበረው ሸማኔው ሙሳ «ኧረ ዳኝነት! ግራዝማች፣ ያነሣውን ሰው እኮ ነው የመታው!» ብሎ ቢጮህ፣ ባንዳዎ በሰደፍ ጥርሱን አረገፈለት። ሙሳ ዛሬ እንጀራ የሚበላው በውኃ አርሶ ነው፤ እሱም ሰላም ብሎዎታል።

አራተኛ፣ ስለ ንግግርዎ። ካፖራሉን አሸናፊ ካሉ በኋላ ወደ እኛ ዞረው፣ «ወገኖቼ፣ ማሸነፍ ምንድን ነው? ያልፋል። ዋናው ያማረ ጨዋታ ነው፤ ሙላቴ የጨዋ ልጅ መሆኑን አስመሰከረ» አሉና ነጭ ካናቴራ ሸለሙት። ይህን ቃልዎን ጌሾዬን እየሸጥሁም፣ ውኃ እየቀዳሁም ሳሰላስለው ከረምሁ። ያማረ ጨዋታ ከማሸነፍ የሚበልጥ ከሆነ፣ ትልቁን ለእኛ ሰጥተው ትንሹን ለጌቶችዎ አስታቅፈዋቸዋል ማለት ነው፤ ጌቶችዎ ይህን ሰምተዋል? እነሱስ አገራችን ሲመጡ፣ አጨዋወታችንን አሳምረን እንመለስ ብለው ነው ከሰማይ መርዝ የረጩት?

እርግጥ ነው፣ ሰው ለሳቅ ለጨዋታ ሲታገል ማማሩ ይበልጣል፤ እኔም ብሆን የሚያኮርፍ ታጋይ አልወድም። ጉድጓድ ውስጥ ሰው ላለው ግን ማሸነፍ ማለት ማሩ ማለት ነበር። የሙላቴን ጨዋነት ሜዳ ሙሉ ሰው መስክሮለታል፤ ምስክርነቱን ለማሩ አንገት ላድርግለት ብል ገመዱን አላላላውም።

አምስተኛ፣ ማሩን በሳምንቱ ቅዳሜ ገበያ መካከል ከሰቀሉት በኋላ ሬሳውን እንድናወርድ ስለፈቀዱልን አመሰግናለሁ። ዘበኛው ፈጠን በሉ እያለ ሲያዋክበን ከቤት ጨርቅ ማምጣት አልተቻለም፤ ሙላቴ የራሱ እጀ ጠባብ በደም ስለተበላሸ የሽልማቱን ካናቴራ ለብሶ ነበርና ከላዩ ላይ ቀድጄ የማሩን አገጭ አሰርሁበት። ጥሩ ጨርቅ ነው። አጥብቀው ካሰሩት አይላላም።

ለሙላቴም ቢሆን ልቤ አልበረደለትም። ከቀብር መልስ፣ ዛሬ ቢሆን ያንን ሰው ታነሣዋለህ ወይ ብዬ ጠየቅሁት። «እህት ዓለም፣ የወደቀ ሰው እያዩ እንዴት ይቆማል?» አለኝ። በጥፊ ልለው እጄን ሰነዘርሁና ያበጠ ዐይኑን አይቼ ተውሁት። እንዲህ ያለ ወንድም ነው ያለኝ፤ ምን ላድርገው?

ይህ ደብዳቤ ሲነበብ እኛ ከተማ ውስጥ የለንም። ሰዎችዎ በሬን ለመስበር እንዳይደክሙ ክፍት ትቼዋለሁ። ወዴት ሄዱ ብለው ሰው አይግረፉ፤ የሄድነው የማሩ ገብስ ወደ ሄደበት ነው።

ለቃልዎ፣ ለትምህርትዎ፣ ለቁጥርዎና ለካናቴራዎ እስከ መሬት ዝቅ ብላ እጅ የምትነሣዎ፣ በደጅዎ ተመላልሳ ያልተሰማች፣ የማሩና የሙላቴ እህት፣

ጌሾ ሻጯ ፈንታነሽ
ደብረ ታቦር፣ ኅዳር ፲፱፻፴፪ ዓ.ም.

ሳልጽፈው ልረሳው የነበረ፦ ጌቶችዎ አንድ ቀን መሄዳቸው፣ እርስዎም ያን ቀን ብቻዎን ሜዳ ላይ መውደቅዎ አይቀርም። እኔ መቁጠር ከእርስዎ ተምሬያለሁ፤ የምቆጥረውም እንደ ሁለተኛው ቆጠራዎ ነው። ስለዚህ ክቡርነትዎ፣ የወደቁ ዕለት ከእኔ በፊት ሙላቴ እንዲደርስልዎ ከአሁኑ ይጸልዩ።