መቶ ባጃጅ የሚያወጣው መኪናህ

ይድረስ በሰው አገር ሰላም ለሚያስከብረው ልጄ ለኤልናታን። ከፈንጂ ላይ በእግርህ ያወጣህ ጌታ ስሙ ይባረክ። እኛ ደህና ነን፤ ሰፈራችን አዲስ ከተማም ዝናቡ ገብቷል። (እማዬ ትናገራለች፣ እህትህ ሮሆቦት እጽፋለሁ። የፊደል ስህተት ካለ የእሷ ነው።)

ፈንጂው የመኪናችሁን ጎማ በትኖ አንዳችሁንም እንዳልነካ ስሰማ እልል አልኩ። ጆሮህ ሦስት ቀን ጮኸ አልክ። (ድሮም ስትጠራ አትሰማም።)

“በአንድ ብረት ለበስ መኪና ዋጋ መቶ ባጃጅ ይገዛ ነበር፣ ስንቱ ሥራ ፈት እንጀራ ይበላበት ነበር” እያልኩ ሳጉረመርም ታውቀኛለህ። እሁድ ለምስክርነት ቆሜ ጌታን ካመሰገንኩ በኋላ ብረቱንም አመሰገንኩ። ጉባኤው በሙሉ ሳቀ። ጎረቤታችን ጋሽ ደምሴ በር ላይ ጠብቀው “ታዲያ መቶው ባጃጅ ቀረ?” አሉኝ።

“ባጃጅ ፈንጂ ቢረግጥ ልጄን በምን እለቅመው ነበር?” አልኳቸው። 

አንድ ነገር ልለምንህ። መኪናው ጣራ ላይ ተቀምጠህ የተነሳኸውን ፎቶ ከግድግዳ አውርጄዋለሁ። (ደግ አደረገች፤ አሞራ ገደል ሐይቁ ዳር ዓሣ የሚጠብቀውን ትልቅ አሞራ፣ አባ ኮዳን ትመስል ነበር።) ውስጡ ይሞቃል ትላለህ፤ ይሙቃ። ያ ሁሉ ገንዘብ የወጣው ውስጡ እንድትቀመጥ ነው እንጂ እንድትወጣበት አይደለም።

መውጫህንም መግቢያህንም ጌታ ይጠብቅ። ሌላ ፎቶ ከውስጥ ሆነህ ተነሳና ላክልኝ። ጨልሞ ፊትህ ባይታይም እሰቅለዋለሁ፤ ሚስማሩን አልነቀልኩትም።

እናትህ