ባቡሩ ሲጀምር

ማክሰኞ፣ ጥር 15። ጠዋት።
ዛሬም ውሃ የለም። ሰፈራችን ቧንቧ ውሃ ይባላል፤ ስሙን ይዘን እንጠብቃለን። ጀሪካን ደረደርኩ፣ ዜና ሰማሁ፣ በኩባያ ውሃ ጢሜን ተላጨሁ። ሰብለ ከአ.አ. ደወለች። ልጃችን ናት፤ የመጀመሪያዋን መጋቢት ላይ ትወልዳለች። ክፍላችሁ ተቀብቷል፣ የደሴውን ቤት ሽጣችሁ ጠቅልላችሁ ኑ አለች።
ባለቤቴ አስካለ (ከዚህ በኋላ አስ.፤ ቀለም ለመቆጠብ) የተለመደውን መለሰች። አውቶቡስ ያጥወለውለኛል፤ ባቡሩ ሲጀምር እመጣለሁ። የኮምቦልቻው ሐዲድ ገና ወሬ ሳለ ጀምራ ይህንኑ ትላለች።
ደብተሬ ሆይ፣ እኔ ዕድሜዬን በትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት የፈጀሁ ሰው ነኝ። መጽሐፍ ለምን እንዳልተመለሰ ስንት ዓይነት ምክንያት ሰምቻለሁ፤ ሰበብ ሳይ አውቃለሁ። ይህኛው ምን እንደሸፈነ ግን አላውቅም። ልጇን ትወዳለች። ታዲያ ምን ፈራች? አልጠየቅኳትም። በዚህ ሁሉ ዘመን ትዳር ያልተጠየቀ ነገር ዛሬ ተነስቶ አይጠየቅም።

ዓርብ፣ ጥር 18። ከሰ. በኋላ።
ሰበቡ አደጋ ላይ ወደቀ። የጎረቤታችን ልጅ ዑመር ለሐዲዱ መሐንዲሶች ያስተረጉማል። ቅዳሜ ሳምንት የሙከራ ጉዞ አለ፤ የአገር ሽማግሌዎች ተጋብዘዋል፤ ለእኛም ቦታ ይዟል። የክብር ፉርጎ ነው አለ። ወንበሩ እንደ ሶፋ፣ መስኮቱ የሱቅ መስታወት የሚያህል፤ ተራራ እያዩ ለመንፈላሰስ የተሠራ።
“እትዬ አስካለ፣ ወላሂ እርስዎን ካላስቀደምኩ ማንን ላስቀድም?”
መረቀችው። ሲወጣ በቤቱ ያለውን ሽንኩርት ሁሉ ከተፈች። ወጥ አልተሠራም።

ሐሙስ፣ ጥር 24።
ስንቅ እየተሰናዳ ነው። ዑመር ምግብ እዚያው በሰሃን ይቀርባል ቢላትም አልሰማችም። ሥጋ የለም፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አብሮ ስለሚሳፈር ማንም እጁን የማይሰበስብበት ነገር ብቻ። ድፎ ዳቦ፣ ድንች፣ በቅቤ የታሸ የገብስ ጭኮ። ለስንት ሰው ነው አልኳት። “ለባቡሩ” አለች።

ቅዳሜ፣ ጥር 26። ማታ።
ባቡር ለመሳፈር መጀመሪያ በሚኒባስ የሐረጎን ጠመዝማዛ ወደ ኮምቦልቻ መውረድ ያስፈልጋል። አስ. ሎሚዋን ጨብጣ ወረደች። አላሸተተችውም። ምንም አልሆነችም። ልብ አልኩ።
ጣቢያው ላይ “ዕድገትና ትራንስፎርሜሽን” የሚል ሸራ። ፉርጎው እውነትም ያምራል። ወንበሮቹ ግን ላስቲካቸው አልተነሳም፤ እንዳይቆሽሹ። በየኩርባው ሽማግሌው ሁሉ እኩል ወደ አንድ ጎን ይንሸራተታል። እንዲህ ያለ ስምምነት በዕድር ስብሰባ አይቼ አላውቅም።
ዑመር መስኮት ከፈተ። ከፊታችን ያሉ ሐጂ ጋቢያቸውን እስከ ጆሯቸው ሳቡ። “ልጄ፣ ዝጋው። ንፋስ ይመታናል።” ከጎናቸው ያሉት ቄስ በመስቀላቸው ወደ መስኮቱ እያመለከቱ ደገፏቸው። ተዘጋ። ከዚያ ፀሐይ አስቸገረ፤ መጋረጃው ተጋረደ። ተራራ ለማሳየት የተሠራው ፉርጎ ተራራውን በጨለማ አለፈ። ፈረንጁ መሐንዲስ ለምን ብሎ ጠየቀ። ዑመር ረጅም ማብራሪያ ሰጠው። ፈረንጁ ይበልጥ አዘነ።
አስ. በአንድ ጣቷ የመጋረጃውን ጫፍ ገለጥ አድርጋ ታያለች። እኔ እሷን አያለሁ። የውጭው ተራራ ይቅርብኝ፤ ይህ በቂ ነበር።
ከዚያ አገልግሏ ተከፈተ። ሐጂ በሉ፣ ቄሱ በሉ፣ መሐንዲሱ ጎረሰ። ዋሻ ገብተን ስንወጣ ጉንጩ በጭኮ እንዳበጠ ነው።
አንድ ባዶ ሜዳ ላይ ቆመን በመጣንበት ወደ ኋላ መሄድ ጀመርን። ተበላሸ ወይ ተባለ። የለም አለ ዑመር፤ እየተመለስን ነው።
አስ. እጅጌዬን ያዘች። “ይመለሳል ለካ።”
ባቡር ነው፣ ምን ያድርግ አልኳት።
“ቤቱን ሸጠን ከሄድን እኛ ወዴት እንመለሳለን?”
ይህች ናት። ይህን ሁሉ ዘመን ባቡሩ የሸፈነላት ይህች ናት። ኩርባ መጣና ወደ እሷ ተንሸራተትኩ።

እሑድ፣ ጥር 27።
ዑመር መንገደኛ ማጓጓዝ መቼ እንደሚጀመር አይታወቅም አለ። አስ. ልጅ ባቡር አይጠብቅም ብላ ራሷ ለሰብለ ደወለች። በአውቶቡስ እመጣለሁ፤ አርሼሽ፣ ክርስትናውን አስነስቼ እመለሳለሁ፤ ቤቱ አይሸጥም። ሰብለ አለቀሰች። ከዚያ ስለ ማጥወልወሉ ጠየቀች። ለቆኛል አለቻት።
ስልኩን ዘግታ አየችኝ። ታውቅ ነበር አለችኝ። አላውቅም ነበር አልኩ። ግማሹ እውነት ነው።

ሰኞ፣ መጋቢት 3። ንጋት፣ አውቶቡስ ውስጥ።
ቁልፉ የዑመር እናት ዘንድ ነው። አበባዎቹን ያጠጣሉ፤ ውሃ ከመጣ። አስ. የመስኮቱን በኩል ይዛ፣ ከፍታዋለች። ከኋላ ዝጊው እናቴ፣ ንፋስ ነው ተባለ። ጋቢዋን ወደ ኋላ አቀበለችና መስኮቱን እንዳለ ተወችው። አሁን በክርኗ ጎሰመችኝ። ደብተሩን ክደንና እይ ነው። ሐረጎ ደርሰናል፣ ጭጋጉ ከሥራችን…