የመርሻን መርከብ ወለል ሳለብስ

ሰኞ

ኮላው ጣቴ ላይ ደርቆ መርፌ መያዝ አቃተኝ። የተማሪ ቀሚስ ጠርዝ ላጥፍ ብቀመጥ ክሩም ጨርቁም እጄ ላይ ይጣበቃል። የስንቱን ሰው ልብስ ያስተካከለ እጅ በአሻንጉሊት መርከብ ተሸነፈ። አሻንጉሊት ማለቴን ባሌ መርሻ ከሰማ ያኮርፋል። «ሞዴል ነው የሚባለው» ይላል።

ለማንኛውም ተጀምሯል። የመርከቧን አካል ባሌ ዓይኑ እያለ ጨርሶት ነበር። ወጣትነቱን ሞተር ክፍሏ ውስጥ የጨረሰባት የምጽዋ መርከቡ ናት፤ አሁን የክንድ ያህል ሆና ቤታችን ተቀምጣለች። ወለሏን ሳያለብሳት ግላኮማው ቀደመው። ከዚያ ወዲህ እሷ ቁም ሳጥኑ ላይ አቧራ ትጠጣለች፣ እሱ ወንበሩ ላይ ሬዲዮ ይሰማል። እኔ በወዲያኛው ክፍል ከልብስ ስፌት መኪናዬ ጋር ነኝ። የምንገናኘው ምሳና እራት ላይ ነው።

የድሮ ባሕረኞች በየወሩ በየተራ በአንዳቸው ቤት ይሰበሰባሉ። መርሻ ዓይኑን ካጣ ጀምሮ አንድም ቀን አልሄደም። በሰው ክንድ ተመርቶ መግባቱን እንደ ሞት ቆጥሮታል። የፊታችን እሁድ ተረኛው ጋሽ ይልማ ናቸው፤ የመርከበኞቹ አለቃ የነበሩት። ቤታቸው ተክለ ሃይማኖት ነው፣ እዚሁ አፍንጫችን ሥር። ስለምነው ስለምነው፣ «መርከቧ ካለቀች ይዣት እሄዳለሁ። ባዶ እጄን ግን አልሄድም» አለ። እኔም አፌ ቀደመኝና እጨርሳታለሁ አልኩ። ይህን እሁድ ከቀረ ከዚያ ወንበር የሚያስነሳው ነገር የሚኖር አይመስለኝም።

ያሰባሰብኩት፦ የዋንዛ ሳንቃ (አብነት ሰፈር ያለው አናጢ ዑመር ከሶፋ ትራፊ አቅጥኖ ቆረጠልኝ፤ «እትዬ ጽጌ፣ መፋቂያ ሊነግዱ ነው?» እያለ)። ኮላ። ወረንጦ። ብርጭቆ ወረቀት። ጥቁር ክር። ክሩ በሳንቃና በሳንቃ መሃል የሚገባ ነው፤ በእውነተኛ መርከብ ላይ ውሃ እንዳይገባ ሬንጅ የሚጠቀጠቅበት ቦታ መሆኑ ነው። ክር እንኳ ከእኔ ቤት አይጠፋም።

«ከመሃል ጀምሪ» አለኝ። መጀመሪያ ከአፍንጫዋ እስከ ጅራቷ አንድ ቀጥ ያለ መስመር፣ ከዚያ ግራና ቀኝ። ወለሏ በሙሉ እንጨት ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኩት። «ከፊት እስከ ኋላ፣ አንድም ቦታ ሳይቀር» አለ።

ማክሰኞ

ተጣላን።

ጠዋት ሱሪው ከኋላው የተቀደደ ሰውዬ እየሮጠ መጣ። ችሎት አለብኝ ይላል። ጋቢ አስገልድሜ አስቀመጥኩትና ሰፋሁለት። ፍርድ ቤት አጠገብ መኖር እንዲህ ነው፤ ግማሹ ደንበኛዬ ዳኛ ፊት ሊቆም ሲል ቁልፉ የሚበጠስበት ነው። እሱን ሸኝቼ መኪናዬን ከደንኩና ከመርሻ አጠገብ ተቀመጥኩ። እስከ አመሻሽ ሠራሁ። የወለሉ ግማሽ አለቀ።

ሳንቃዎቹ አጫጭር ስለሆኑ ጫፍ ለጫፍ ይቀጣጠላሉ። እኔ መጋጠሚያዎቹን ሁሉ በአንድ መስመር አሰለፍኳቸው። ማስመሪያ ቢቀመጥበት ንቅንቅ የማይል መስመር። ሆዴ ደስ አለው። የልብስ ሰፊ ሙያ የሚታወቀው በዚህ ነው፤ ዳንቴሉ ከዳንቴሉ፣ ጥለቱ ከጥለቱ መግጠም አለበት። አንዱ መስመር ከሌላው ካልገጠመ አስተማሪዬ እትዬ በላይነሽ ልብሱን ፊቴ ላይ ነበር የሚወረውሩት።

መርሻ በጣቱ ዳሰሰው። ሄደ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ሄደ። ከዚያ ሳቀ።

«ጽጌ፣ ይቺ መርከብ ገና የመጀመሪያው ማዕበል ሲመታት ለሁለት ትከፈላለች» አለ። መጋጠሚያ ከመጋጠሚያ አጠገብ አይውልም አለኝ። እንደ ጡብ ግንብ፣ የአንዱ ጫፍ የሌላው ወገብ ላይ ነው መዋል ያለበት።

«ትላንት ለምን አልነገርከኝም?»

«ማንም የሚያውቀው መስሎኝ።»

ማንም። ልደታ ተወልዳ ልደታ ያረጀች ሴት፣ ባሕር የሚባል ላንጋኖን እንኳ አንድ ቀን ያየች፣ መርከብ እንዴት እንደሚለበድ ከየት ታውቃለች? ይህንኑ አልኩት፤ ድምፄም ከፍ ብሎ ነበር። ወረንጦውን ጥዬ ወደ መኪናዬ ሄድኩ። እራት አቀረብኩ። ጨው ረስቼ ነበር፣ እሱም ጨው አልጠየቀም።

ረቡዕ

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ። ስለቅም ዋልኩ።

ኮላው ገና ስላልጠና ጨርቅ በሙቅ ውሃ እየነከርኩ ላዩ ላይ አስተኛሁ። ትንሽ ቆይቶ ሳንቃው በወረንጦ ሲይዙት ይነሳል። መተርተር አዲሴ አይደለም፤ ስንት ቀሚስ ተርትሬያለሁ። መርሻ የተነሱትን እየተቀበለ እንዳይጣመሙ መጽሐፍ ጫነባቸው። ይቅርታ አልጠየቀም፣ ግን ሻይ ሲያፈላ ሰማሁት። ራሱ። ብርጭቆውን በጣቱ እየለካ፣ አንድ ጠብታ ሳያፈስ።

እየሠራን ያወራኝ ጀመር። ሞተር ክፍል ውስጥ ሙቀቱ አጥንት ያቀልጣል። ተራቸው ሲያበቃ በመሰላል ወጥተው በጀርባቸው ይዘረጋሉ። ሳንቃው ቀን የጠጣውን ፀሐይ ቀስ እያለ ይመልሳል፣ ከሥር ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፣ ከላይ ኮከብ ነው። «የእናት ጀርባ ላይ የታዘልክ ይመስልሃል» አለ።

እኔም የራሴን አስታወስኩት። ለፈቃድ ሲመጣ ያንን ነጭ ልብሱን ለብሶ ከልደታ ማርያም በታች ሲወርድ የሰፈሩ ልጆች ይከተሉት ነበር። እኔ የእትዬ በላይነሽ ሱቅ ውስጥ ገና ቁልፍ ተካይ ነበርኩ። ሱሪዬ ሰፋኝ ብሎ ገባ። ወገቡን ስለካው ቁጥሩ ጠፋብኝና አብዝቼ አጠበብኩት። በማግስቱ መጣ፤ መተንፈስ አልቻልኩም አለ። አሰፋሁለት። በሦስተኛው ቀን ደግሞ አሁንም ሰፋኝ ብሎ መጣ፤ ዋሽቶ ነው፣ ልኩ ነበር። ሱቁ የነበረበት ቦታ ዛሬ የመስታወት ፎቅ ቆሞበታል። በዚያ ሳልፍ ሁልጊዜ አቀርቅሬ ነው የማልፈው፣ ቀና ካልኩ ያለ የሚመስለኝ ነገር ይጠፋብኛል።

ዛሬ ጢሙን ተላጨ። ሳልነግረው።

ሐሙስ



ጋሽ ይልማ ደወሉ። መርሻ መታጠቢያ ቤት ነበር። «እሁድ ይመጣል ወይስ እንደ ልማዱ ነው?» አሉኝ። ይመጣል፣ መርከቧንም ይዞ ይመጣል አልኳቸው። ደስ አላቸው። በዚያው ለጥንቃቄ ብዬ ሳንቃው ላይ ቫርኒሽ ይቀባ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው።

«የምን ሳንቃ?»

«የወለሉ።»

«ጽጌዬ፣ ወለሉ ብረት ነበር እኮ። ግራጫ ቀለም የተቀባ ብረት። ቀን ቀን እንቁላል ይጠብስ ነበር። እንጨት የነበረው ከኋላ፣ መኮንኖቹ የሚቀመጡባት አንዲት ቁራሽ ቦታ ብቻ ናት።»

ስልኩን እንደያዝኩ ቁጭ አልኩ። ከፊት እስከ ኋላ ብሎኝ ነበር። አንድም ቦታ ሳይቀር። ስንት ዓመት የኖረባትን መርከብ።

የመርሻ እናት መጨረሻቸው ላይ የገዛ ልጃቸውን «የማን ልጅ ነህ?» ይሉ ነበር። ዓይኑ ሄደ፣ ቻልነው። አእምሮው ተከትሎ ከሄደ ምን ይቀረናል? ለእሱ የቀረው ያ ትዝታ ነው። ያም ሸሽቶት ከሆነ እኔ ለማን ነው የምነግረው?

ብነግረው እሁድን ይቀራል፣ ይህን አውቀዋለሁ። ባልነግረው ጓደኞቹ ፊት ይዋረዳል። ጋሽ ይልማን፣ «እባክዎን ፊቱ ላይ እንዳይሉት» ብዬ ለመንኳቸው። «እኔስ ዝም እላለሁ፤ የሌሎቹን አፍ ግን ማን ይይዘዋል?» አሉ።

ከሰዓት እንደምንም ሠራሁ። መርሻ ሲያወራ እኔ አልሰማሁትም።

ዓርብ

የወሩ ልደታ ስለሆነች ጠዋት ተሳልሜ መጣሁ። ምን ብዬ እንደምለምን ጠፋኝ። ወለሉን እንጨት አድርጊልኝ አይባል። አእምሮውን ጠብቂልኝ ብዬ ወጣሁ።

ተመልሼ ሳንቃ እየለጠፍኩ ፈተንኩት። መጀመሪያ የተከራየነው ቤት የማን ነበር? መለሰ፤ የአከራይዋን ውሻ ስም ጨመረልኝ። የሠርጋችን ሚዜ ጫማው ምን ሆኖ ነበር? ሁለቱም የግራ እግር ነበሩ አለ። ልጃችን ሄለን የተወለደች ቀን ምን ዘነበ? «በረዶ። አንቺ ግን ሁልጊዜ ዝናብ ነው የምትዪው» አለ። አየት አደረግኩት። እውነቱን ነው፣ በረዶ ነበር።

«ምን ሆነሻል ዛሬ? መርማሪ ፖሊስ ሆንሽ እንዴ?»

ይህ ሰው አልረሳም። ታዲያ ምን ሆኖ ነው? ያመመው ሰው አንዱን ይዞ አንዱን ይጥላል ይላሉ። የድሮውን ይዞ የቅርቡን ይጥላል ሲሉ ግን ነው የሰማሁት። ይህ እኮ የድሮው ነው።

ቢሆንም ሥራው አማረ። የዛሬው፦ የመጨረሻዎቹ ሳንቃዎች ገቡ፣ አፍንጫዋ ጋ ሲጠቡ እንደ ሸሚዝ አንገት እየቀደድኩ አስገባኋቸው። የገመድ ማሰሪያዎቹን ቁልፍ በቁልፍ ላይ ደርቤ ሠራሁ። አጥሯን ከእስፒልና ከብርማ ክር። ወደ ሞተር ክፍል የሚወርደውን በር መክደኛ መርሻ ራሱ በዳሰሳ ለጠፈ። ትንሽ ጠሟል። አላቃናሁትም።

ቅዳሜ

በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩት። ቫርኒሽ አልቀባንም፤ «ያንሸራትታል፣ ሰው ይሰበራል» አለ መርሻ። የምን ሰው እንደሆነ አልጠየቅኩም።

ሲያልቅ ጭኑ ላይ አስቀመጥኩለት። መዳፉን ከአፍንጫዋ ጀምሮ ቀስ አድርጎ ሳበው። እያንዳንዷን መጋጠሚያ ያውቃታል። መጨረሻ ላይ፣ ጅራቷ ጋ፣ እጁ ቆመ።

«እዚህች ጋ ነበር የምተኛው። መኮንኖቹ ሲገቡ ተደብቄ» አለ።

ጋሽ ይልማ እንጨት ነበረባት ያሏት ቁራሽ ቦታ። ሌላውንስ? ልጠይቀው አፌን ከፈትኩ። ፊቱን ሳየው ዘጋሁት። ይህን ፊት ካየሁት ቆይቻለሁ፤ ልኩ የሆነውን ሱሪ ሰፋኝ ብሎ የመጣ ቀን የነበረው ፊት ነው።

ኮቱን ተኮስኩ። ወገቡ ሰፍቶት ስለነበር አጠበብኩት። ነገን ፈራሁት።

እሁድ

ሄድን።

መርከቧን በነጠላ ጠቅልዬ ታክሲ ውስጥ ጭኔ ላይ አስቀመጥኳት። ረዳቱ «ማዘር፣ ሕፃኑ አየር ይፈልጋል፣ ግለጡት» አለኝ። መርሻ እስክንወርድ ሳቀ። በር ላይ ክንዱን ስይዘው ቆመ። ከዚያ «እኔ እሷን እይዛለሁ፣ አንቺ እኔን ያዢ» አለና ሁለት እጁን ዘረጋ። መርከቧን አቅፎ ገባ። ሁሉም ተነሱ። ስሙን እየጠሩ ከበቡት፣ እሱም በድምፃቸው አንድ በአንድ ለያቸው።

ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠች። ሽማግሌዎቹ መነጽራቸውን እያወጡ ጎነበሱ። ጋሽ ይልማ ቃላቸውን ጠብቀው ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ። የሬዲዮ ሠራተኛ የነበሩት ጋሽ ዘውዴ ናቸው ያወጡት።

«መርሻ፣ እጅ የሚያስቆረጥም ሥራ ነው። ግን ይሄ ሁሉ ሳንቃ ከየት መጣ? እኛ እኮ ብረት ላይ ነው የተጠበስነው።»

የመርሻን እጅጌ ያዝኩ፤ ልናገርለት፣ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት ልል።

«አውቃለሁ» አለ መርሻ፣ ተረጋግቶ። «ብረት ነበር ብላት ቆርቆሮ ቆርጣ፣ ግራጫ ቀብታ፣ በአንድ ከሰዓት ጨርሳ ወደ መኪናዋ ትመለስ ነበር። ሳንቃ ስላት ግን ሳምንቱን ሙሉ አጠገቤ ተቀመጠች።»

መጀመሪያ የሳቁት ጋሽ ይልማ ናቸው። «እሷ ደግሞ እንዳንነግርህ ስትለምነኝ ሰነበተች። ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል» አሉ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እኔ ግን ወደ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። ተናድጄ ነው፣ አፍሬ ነው፣ ደስም ብሎኝ ነው። በወዲያኛው ክፍል መኪናዬን ሳሽከረክር እሱ ድምፄን ሲጠብቅ እንደሚውል አንድ ቀን አልታየኝም።

ስንመለስ በእግራችን እንሂድ አለ። ውሸታም አልኩት። ክንዴን አጥብቆ ያዘ።

ሰኞ

ጠዋት መኪናዬን ጎትቼ ወደ እሱ ክፍል አስገባሁት። ቁም ሳጥኑ መንቀሳቀስ ነበረበት፣ ጎረቤት ጠርቼ ገፋነው። ጫጫታው ይረብሸኛል አላለም። ሬዲዮውን ዘጋው።

ሻይ እየጠጣን፣ «የነፍስ አድን ጀልባዎቹ ቀርተዋል» አለ። ስድስት ናቸው አለ። ውስጣቸውም ውጫቸውም በሳንቃ የተለበደ፣ መቀዘፊያቸው ሳይቀር ከእንጨት የተጠረበ። «ረጅም ሥራ ነው፣ ካልሰለቸሽ» አለ፣ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ።

የጋሽ ይልማ ስልክ አለኝ። እውነት ስድስት ነበሩ ወይ፣ እውነት ከእንጨት ነበሩ ወይ ብዬ ማጣራት እችላለሁ። አልደወልኩም። ከምሳ በኋላ አብነት ወርጄ ዑመርን ከበፊቱ የቀጠነ ሳንቃ እንዲቆርጥልኝ አዘዝኩ፤ ብዙ አድርገው አልኩት።