በገዛ እጄ የፈረምሁት

አምባ ጊዮርጊስ
የካቲት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለቢያዝን ሙሉሰው
ዛሪማ

ልጄ ቢያዝን፣

በወገራ ምድር ከእኔ የሚስተካከል ጸሐፊ የለም። እሺ፣ ወገራ ሰፊ ነው፤ በማታው ትምህርት ክፍል ውስጥ ልበል። እሱም ቢሆን ወይዘሮ ጽጌሬዳ ጉንፋን ይዟት በቀረችበት ሳምንት ነው። ያም ሆነ ይህ፣ ይህን ደብዳቤ ማንም አልጻፈልኝም። በአምሳ ዘጠኝ ዓመቴ፣ በራሴ እጅና በራሴ እስክርቢቶ፣ እናትህ ሸዋአየሁ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተቀምጣ ሳለ የጻፍሁት ነው።

አስተማሪያችን እስከዳር ደብዳቤ ሲጀመር «እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ» ይባላል ብላ ሰሌዳው ላይ ጽፋልን ነበር። እኔ ዘልዬዋለሁ። ለምን እንደሆነ ወደ ታች ስትወርድ ታገኘዋለህ።

በስልክ ብነግርህ ይቀል ነበር። ግን ስንደውል ስልኩን ጆሮህ ላይ አድርገህ ዝም ትላለህ። እናትህ ትንፋሽህን ታዳምጥና «ዛሬ በልቷል» ወይም «አልበላም» ትለኝ ነበር። የእኔን ድምፅ የሰማህ እንደሆነ ደግሞ ስልኩን ለአጎትህ ለአስማረ ትመልሳለህ። አልፈርድብህም። ወረቀት አይጮህም፤ ስትፈልግ ታነበዋለህ፣ ሲሰለችህ ታጥፈዋለህ።

አስማረ ሁሉን ነግሮኛል። የጭነት ማኪና ጎማ ሲፈነዳ ወደ ገደሉ እንደምትሮጥ፣ ስለዚህ በገበያ ቀን እግርህን በጠፍር ከምሰሶው ጋር እንደሚያስርህ። ለራሱ ብዬ ነው ይላል። እኔም ጠፍሩ ይችለዋል ወይ ብዬ ጠየቅሁት። ለቀልድ ነበር። እሱ ግን ቆም ብሎ አሰበና «ይችለዋል፣ የበሬ ነው» አለኝ።

መቼም የእኔን ቀልድ ከማንም በላይ ታውቀዋለህ። ከሠራዊቱ ተሰናብተህ በመጣህ በሦስተኛው ሳምንት፣ የሀብተሥላሴ ልጅ ሠርግ ላይ፣ እንደ አገሩ ደንብ ሙሽራው ሲገባ ጥይት ተተኮሰ። አንተ ጠረጴዛ ሥር ገባህ። ጠላው ተደፋ፣ ሰው ሁሉ ዞሮ አየህ። ያን ጊዜ እኔ አባትህ ብድግ ብዬ «አትሳቁበት፣ ግንባር ላይ የጣለውን አዝራር ነው የሚፈልገው» አልሁ። ያ ሁሉ ሰው ሳቀ። ሽማግሌው እንባውን ጠረገ። እውነቱን ልንገርህ፣ እንዲያ ያለ ሳቅ በዕድሜዬ አስቄ አላውቅም። በማግሥቱ አንተ ወደ ዛሪማ ሄድህ፤ ቀልዱ ግን እዚሁ ቀረ። እስከ ዛሬ ገበያ ስወጣ «አያ ሙሉሰው፣ አዝራሩ ተገኘ ወይ?» ይሉኛል። የጀመረውም ፋንታሁን ነው፣ ቆዳ ነጋዴው።

ፊደል የቆጠርሁት ከዚያ በኋላ ነው። የመሰናበቻ ወረቀትህን ሣጥን ውስጥ ትተኸው ሄደህ ነበር። እናትህ ምን ይላል እያለች ነዘነዘችኝ። ለሰው እንዳላስነብበው፣ ያነበበው ሰው ለገበያው ያነብለታል ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ ከልጆች ወንበር ላይ ጉልበቴን አጥፌ ሀ ሁ አልሁ። በስድስተኛው ወር ላይ የመጀመሪያ ወረቀቴን አነበብሁ፤ የአንተን። «ያለ ፈቃድ ከግዳጅ ቦታው በመለየቱ፣ በጥፋት ተሰናብቷል» ይላል። ለዚህች አንዲት መስመር ሁለት ቀን ፈጀሁ።

እኔም እስከዚያ ድረስ ፈርተህ የመጣህ ነበር የሚመስለኝ። ኋላ ግን አብሮህ የዘመተው አንዳርጋቸው ሊጠይቅህ መጥቶ አንተን ሲያጣ እኛን አጫወተን። አራት ቀን ሙሉ ቁስለኛ ስታወርድ ሰንብተህ፣ በአምስተኛው ቀን ባዶ ቃሬዛ እየጎተትህ ብቻህን መንገድ መጀመርህን ነገረን። ወዴት ነው ሲሉህ «ይኸ ሰውዬ ከብዶኛል፣ አግዙኝ» ብለሃቸዋል። እናትህ ይህን ስትሰማ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከተተች። ጎንደር ያየህ ሐኪምም ይህ ጥፋት ሳይሆን የአእምሮ ሕመም ነው ብሎ የጻፈልህ ወረቀት ነበር። አንዳርጋቸው የእንዲህ ያሉትን ጉዳይ የሚያይ ቢሮ አለ አለን። «በጥፋት» የሚለው ወጥቶ «በሕመም» ቢባልልህ የሠራዊቱ ሆስፒታል እስክትድን ያክምሃል፤ ከዳተኛ የሚልህም አፉ ይዘጋል። የሐኪሙ ወረቀት ገባ። አንዳርጋቸውም ቃሉን ሰጠ። የቀረው የወላጅ ቃል ብቻ ነበር፤ ሕመሙ ከግንባር በኋላ እንደ ጀመረህና እስካሁንም እንዳልተወህ።

እኔ ራሴ እሄዳለሁ አልሁ። እናትህ እኔ ልሂድ ብላ ነበር። አንቺ መፈረም አትችይም ብዬ አስቀረኋት።

ፊርማዬን ሁለት ሳምንት ስለማመድ ሰንብቻለሁ። ደብተሩ አልቆ በከሰል በበሩ ጀርባ ላይ ቀጠልሁ። አውቶብሱ ላይ ደግሞ እስከ ጎንደር ድረስ በመንገድ ያለውን የሱቅ ጽሑፍ ሁሉ ጮክ ብዬ ሳነብ፣ ከጎኔ የነበረው ሰው ተነሥቶ ኋላ ወንበር ሄደ።

ቢሮው ውስጥ ሰው ተደርድሮ ይጠብቃል። ከኋላዬ ማን ቢመጣ ጥሩ ነው? ፋንታሁን። ለወንድሙ ጉዳይ መጥቶ ኖሯል። ከፊቴ የነበሩት ሦስት ሰዎች አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው ነው ያተሙት። ደንቡ ነው መሰለኝ፣ ጸሐፊው ለእያንዳንዳቸው የተናገሩትን ከላይ እስከ ታች ያነብላቸዋል። አንዲት ሴት ሁለት ቦታ ላይ «እንዲህ አላልሁም» ብላ አሰረዘችው። እኔ በልቤ ሳቅሁባት።

ተራዬ ደረሰና ተቀመጥሁ።

«አባቴ፣ ልጅዎ እንዴት ነው?» አለኝ።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነው» አልሁት።

ምን ልበል? ሽምግልና ስንሄድ እንኳ መጀመሪያ ሰው፣ ከዚያ ከብት፣ ከዚያ ዝናብ ይጠየቃል። ሁሉም ደህና ይባላል። ጎተራው የተቃጠለበት ሰውም ደህና ነኝ ብሎ ነው ወደ አቤቱታው የሚገባው። ሰላምታው ሲያልቅ የምናገረውን በቅደም ተከተል ይዤ ነበር፤ ቃሬዛውን፣ ጠረጴዛውን፣ ገደሉን፣ ጠፍሩን።

ጸሐፊው ግን እየጻፈ ቀጠለ። ይተኛል ወይ አለኝ። ያን ጊዜ ፋንታሁን አንገቱን ሲያሰግግ በጀርባዬ ተሰማኝ። እንደ ድንጋይ ነው የሚተኛ አልሁ። ድምፅ ያስደነግጠዋል ወይ አለኝ። የሙሉሰውን ልጅ? በዘራችን የደነገጠ ሰው የለም አልሁና፣ አያትህ ነብር በዱላ መግደሉን ጨመርሁለት። ይህን ሳወራ ገበያ ቀን ነበር። አንተ ምሰሶው ሥር ነበርህ።

ወደ ጉዳዩ እንገባለን ብዬ ስጠብቅ ወረቀቱን አዞረልኝ። ቀለሙን ሊያቀርብልኝ ሲል እጄን ዘርግቼ ከለከልሁትና ከደረት ኪሴ እስክርቢቶዬን አወጣሁ። ለእነዚያ ሁሉ ያነበበ ሰው ለእኔ ጊዜ አጣ። ሰው እየጠበቀ ነው፣ ቶሎ ይበሉ እያለ ያጣድፈኝ ጀመር፤ ወረቀቱን ሊነጥቀኝ ምንም አልቀረውም። ዓይኔን ከላይ ወደ ታች አወረድሁት፣ ፈጥኖ እንደሚያነብ ሰው። «ሸጋ ነው» አልሁና ፈረምሁ። ቢያዝን፣ ፊርማዬን ብታየው። ከእስከዳር ፊርማ ይበልጣል።

መልሱ በአርባ ቀኑ በቀበሌ በኩል መጣ። ፖስታውን ሳልከፍት ጎረቤት ጠራሁ፣ ጠላ አስቀዳሁ። እስከዳርንም የተማሪሽን ፍሬ ነይና እይ ብዬ አስመጣኋት። ቆሜ አነበብሁ። እኔ ፊደሉን አንድ በአንድ ሳሳድድ ሰው ትርጉሙን ቀድሞኝ ደረሰ። እስከዳር «አያ ሙሉሰው፣ ይበቃል» አለች። ያደነቀችኝ መስሎኝ ድምፄን ከፍ አደረግሁ። የአመልካቹ ወላጅ አባት ልጃቸው ደህና መሆኑን፣ እንቅልፍ እንደማያጣ፣ ድምፅም እንደማያስደነግጠው በፊርማቸው አረጋግጠዋል ይላል። ስለዚህ የመሰናበቻው ምክንያት አይለወጥም፤ ውሳኔው የመጨረሻ ነው። «የመጨረሻ» የምትለዋን አንብቤ ቀና ስል ሰዉ ወጥቷል። እናትህ ብቻ ቀርታለች።

«ምነው አውራ ጣትህን ባጠቆርህ» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ አላናገረችኝም። እንጀራውን ታቀርብልኛለች፣ ፊቷን ታዞራለች።

ተመልሼ ጎንደር ሄድሁ። ለዚያው ጸሐፊ ያን ቀን ይዤው የተመለስሁትን ሁሉ ከቃሬዛው እስከ ጠፍሩ ነገርሁት። ሳያቋርጠኝ ሰማኝ።

«አባቴ፣ አሁን የሚሉኝን በጆሮዬ ሰማሁ» አለ። «ያኛው ግን ፊርማዎ አለበት።»

ስለዚህ ወረቀትህ እንደ ነበረ ነው። ሆስፒታሉም የለም። አስማረ ስለ ውሳኔው በጎን በኩል ሳይነግርህ ከእኔ እንድትሰማው ብዬ ነው የጻፍሁልህ። ጠፍሩን እንዲፈታልህ ለምኜው ነበር። «ገደል ቢገባ ማን ይጠየቃል? አንተ እንደሆንህ ደህና ነው ብለህ ፈርመሃል» አለኝ። ስልኩን ዘግቼ የበግ ቆዳ ፍለጋ ወጣሁ።

በጠፍሩና በእግርህ መሐል የሚገባ የበግ ቆዳ ልኬልሃለሁ፤ ይህን ደብዳቤ የያዘው የአውቶብሱ ሹፌር ያደርስልሃል። ጠፍሩ እንዳይልጥህ ከሥሩ አድርገው።

እመቤታችን በድንጋጤህ ላይ ነጠላዋን ትጣልልህ። የተሸከምኸውን ሰውዬ የምታወርድበት ለምለም ቦታ ታሳይህ። የእናትህ ጸሎት ይድረስህ፤ የእኔን እኔም አላምነውም።

አባትህ
ሙሉሰው

ፈርሜ ካበቃሁ በኋላ ሹፌሩ ገና ስላልመጣ ይህን ጨመርሁ። አንድ ነገር ዋሽቼሃለሁ። ጸሐፊው አላጣደፈኝም። ወረቀቱን ሊነጥቀኝም አልቃጣም። እጁን አጣጥፎ ተቀምጦ፣ ከመፈረምዎ በፊት ላንብብልዎት ወይ ብሎ ሁለት ጊዜ ጠየቀኝ። እኔ ነኝ «ለማያውቅ አንብብለት» ያልሁት። ፋንታሁን ሳቀ። ደስ አለኝ።